ሊኑክስ ሚንት 22፦ ከዊንዶውስ 10 ለሚወጣ ሰው ምን ይሰጣል፣ የትስ ላይ ያስቸግራል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነጻ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒውተሩ በማግስቱም እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ሰነዱም ይከፈታል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። የተቋረጠው ነገር ለዓይን አይታይም፦ ከዚያ ወዲህ የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎች የሚደፍናቸው የለም። በማራዘሚያው ፕሮግራም የተመዘገበ ግለሰብ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ማሻሻያ ያገኛል፤ ይህ ግን ጊዜ መግዣ ብቻ ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ ደግሞ ለብዙ ኮምፒውተር የተዘጋ በር ነው። ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ፣ ያልተረጋገጠ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚያግደውን ሴኪዩር ቡትን፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ የሚያግደው የፕሮሰሰሩ ዝርዝር ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለው አይገባም። በ2015 የተሠራ፣ ባለ ኮር አይ5 ፕሮሰሰርና ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ምንም ሳይጎድለው ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ግምገማ ለዚያ ላፕቶፕ ባለቤት ነው።

የምንገመግመው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር) ሊኑክስ ሚንት 22ን፣ ከሦስቱ ዓይነቶቹ ደግሞ ሲናሞን የሚባለውን ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሥራው በብሮውዘር፣ በኢሜይል፣ ደብዳቤና ሠንጠረዥ በማዘጋጀት፣ በቴሌግራም፣ ቪዲዮ በማየትና በመሳሰለው ለሚያልቅ ሰው ሚንት ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ የሚቀለው መሸጋገሪያ ነው፤ ያለ ማመንታት እንመክረዋለን። በፎቶሾፕ፣ በአውቶካድ ወይም ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ የሂሳብ ፕሮግራም ለሚተዳደር ሰው ግን አንመክርም። ከሚንት ተመልሰው የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት ሚንት ላይ ከደረሱ በኋላ አይደለም፤ ዊንዶውሱን ከማጥፋታቸው በፊት ማድረግ የነበረባቸውን ሳያደርጉ ስለቀሩ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ስለ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ለአንድ ሳምንት የምትከፍቱትን ፕሮግራም ሁሉ ጻፉ። ከማስታወስ አትጻፉ፤ በወር አንዴ ብቻ የሚከፈተው ፕሮግራም ነው ኋላ ጣጣ የሚያመጣው። ዝርዝሩ ሲያልቅ እያንዳንዱን ከሦስቱ በአንዱ ሥር መድቡት።

በቀጥታ የሚሠሩት፦ ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ቪኤልሲ፣ ተንደርበርድ። እነዚህ ለሊኑክስ የተዘጋጀ ቅጂ አላቸው፤ ልዩነቱን አትለዩትም።

ምትክ ያላቸው፦ ማይክሮሶፍት ኦፊስ በሊብሬኦፊስ ይተካል፤ ካልሆነም የኦፊስ የድር ቅጂ በብሮውዘር ይሠራል። ለተራ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። በቪቢኤ ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሥራን በራሱ በሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) የተሞላ የኤክሴል ፋይል ካላችሁ ግን በምትኩ ላይ አትመኩ፤ አንዳንዱ ማክሮ ይሠራል፣ አንዳንዱ ይሰበራል፣ የትኛው እንደሚሰበር አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ አይቻልም። ኢሜይላችሁ በአውትሉክ ፋይል ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ መልእክቶቹን ወደ ሰርቨሩ መልሳችሁ ስቀሉ። አይማፕ በሚባለው መንገድ ከተያያዘ አካውንት ተንደርበርድ ሁሉንም ራሱ ያወርደዋል።

ምትክ የሌላቸው፦ አዶቤ ምርቶች፣ አውቶካድ፣ አብዛኞቹ የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራሞች፣ ለአንድ ማሽን ብቻ የተሠሩ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮች። ዋይን የሚባለው መሣሪያ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያስነሳል፤ ግን የዕለት እንጀራችሁን በዋይን ላይ አትመሥርቱ። ፕሮግራሙ አንድ ማሻሻያ አውጥቶ ዛሬ የሠራው ነገ እንቢ ሊል ይችላል። ከዚህ ምድብ አንድ ፕሮግራም እንኳ ካላችሁና በየቀኑ የምትጠቀሙበት ከሆነ ሁለቱን ሥርዓተ ክወናዎች ጎን ለጎን መጫን ይሻላል። በወር አንዴ ከሆነ ሌላ ሥርዓተ ክወናን በመስኮት ውስጥ በሚያስነሳው ቨርቹዋልቦክስ ዊንዶውስ መክፈት ይበቃል፤ ለዚያ ግን ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16 ይሁን።

ስለ ጨዋታ በአጭሩ፦ ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብር ላይ ያሉ ብዙ ጨዋታዎች ፕሮተን በሚባለው የቫልቭ መሣሪያ ይሠራሉ። ከባድ የጸረ ማጭበርበር ሶፍትዌር ያላቸው እንደ ቫሎራንትና ፎርትናይት ያሉት አይሠሩም።

ፋይል መቅዳት ራሱ ወጥመድ አለው

ሁሉም ሰው «ባክአፕ ያዙ» ይላል፤ የት ላይ እንደሚሳሳት ግን ብዙም አይነገርም። የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭ በርቶ ከሆነ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ የሚባሉት ማኅደሮች ወደ እሱ ሥር ተዛውረው ሊሆን ይችላል። ከፋይሎቹም ብዙዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸው እንጂ ሥጋቸው የለም። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው ያለው። በሊኑክስ ፍላሽ ተነስታችሁ ከዲስኩ ልትቀዱ ብትሞክሩ ይዘቱን አታገኙትም። ዊንዶውስ ውስጥ እያላችሁ ዋናውን የዋንድራይቭ ማኅደር በቀኝ ጠቅ አድርጉና ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ምረጡ፤ ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ቅዱ።

ለውጪ ዲስኩ ኤክስፋት የሚባለውን ፎርማት ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ሥርዓቶች ያነቡታል፣ ይጽፉበታል። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ረጅም ቪዲዮ መሐል ላይ ያቆምባችኋል። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ከየማኅደሩ ሁለት ሁለት ፋይል ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በቂ ነው። የሚወርደው ከሚንት ዋና ድረ ገጽ ብቻ ይሁን፤ ከወረደም በኋላ ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠውን የኤስኤችኤ256 ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች የሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የሲናሞን 17.3 ማውረጃ አገናኙን የጀርባ በር ወደተበጀለት ቅጂ አዙረውት ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሩን ከታማኝ ምንጭ ያመሳከረ ሰው ተርፏል። ማመሳከሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ብልሽት ካለው ኢንስቶሌሽኑ 70 ወይም 80 በመቶ ላይ ደርሶ ምክንያቱ በማይገባ የስህተት መልእክት ይቆማል።

ፍላሹን በሩፈስ ወይም በባሌና ኤቸር አዘጋጁ። ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ እንዲህ ካለ ፍላሽ አይነሳም። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። ለመነሳት ኮምፒውተሩ እንደበራ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9።

ሳትጭኑ አንድ ሙሉ ቀን ሞክሩት

የሚንት ትልቁ ደግነት ይህ ነው። ከፍላሹ ተነስቶ ዲስካችሁን ሳይነካ ሙሉ ዴስክቶፑን ያሳያችኋል። ከፍላሽ ስለሚሠራ ይንቀራፈፋል፤ በፍጥነቱ አትፍረዱ። የሚፈተነው ሃርድዌሩ ነው። ዋይፋዩ ኔትወርክ ያገኛል? ድምፅ ይወጣል? ማይክሮፎኑ ይቀርጻል? ካሜራው ይበራል? የስክሪን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች ይሠራሉ? በኤችዲኤምአይ ሌላ ስክሪን ሲሰካ ያያል? ፕሪንተራችሁ ወረቀት ያወጣል? በመጨረሻም ላፕቶፑን ዝጉትና አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ክፈቱት። ከእንቅልፍ አለመነሳት ሊኑክስ ላይ እስካሁን የሚያስቸግር እውነተኛ ችግር ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ጥቁር ስክሪን ብቻ ይቀራል። ይህን ከመጫን በፊት ማወቅ ይሻላል።

ዋይፋዩ ካልታየ ተስፋ አትቁረጡ። በተለይ የብሮድኮም ካርድ ያላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ድራይቨራቸው (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ለብቻው ይወርዳል። ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ በኩል አጋሩ፤ ሚንት እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ስትከፍቱ ካርዱን ያገኝላችኋል። ከኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ጋር ደግሞ ስክሪኑ ገና ከመነሻው ከጠቆረ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱና ከመጀመሪያው ሜኑ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ምረጡ፤ ትክክለኛው ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ችግሩ ይወገዳል።

ዊንዶውስ ላይ የሚጠበቅባችሁ ሥራ

ሁለቱንም ጎን ለጎን ለመጫን ካሰባችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በመጀመሪያ ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው ተቆልፎ ነው የሚመጡት። ባዮስ (ኮምፒውተሩ እንደበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የቅንብር ሶፍትዌር) ውስጥ የሴኪዩር ቡት ወይም የዲስክ ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ይገኛል፤ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ይበልጥ የሚያስተማምነው ቢትሎከርን ጨርሶ ማጥፋትና ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ፋስት ስታርትአፕ። ይህ ቅንብር በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩን ስታጠፉት ዊንዶውስ በሙሉ አይዘጋም፤ በከፊል ተኝቶ ይቆያል። ሊኑክስ ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍልፍል ሲያይ ፋይሎቹ እንዳይበላሹ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ከዚያ «ፋይሌን ማስቀመጥ አልቻልኩም» የሚል ቅሬታ ይከተላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብታችሁ ከኃይል አማራጮች ሥር የማብሪያና ማጥፊያ ቁልፎች ተግባር የሚለው ገጽ ላይ አጥፉት።

ሦስተኛው ሰውን በጣም የሚያደናግረው ነው፦ የሚንት ኢንስቶለር ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ባዮሱ ውስጥ ኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ የሚባለው የዲስክ አሠራር መብራቱ ነው። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው የተለመደ አሠራር መቀየር ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ከቀየሩት ግን ዊንዶውስ የመነሻ ዲስኩን አጥቶ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚለውን ክፈቱ፤ ቡት በሚለው ገጽ ሴፍ ቡት ላይ ምልክት አድርጉ። እንደገና ሲነሳ በቀጥታ ባዮስ ግቡና ኤኤችሲአይን ምረጡ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳል፤ በዚያውም ተገቢውን ድራይቨር ይይዛል። ከዚያ ምልክቱን አንሱና እንደገና አስነሱት። የአካውንታችሁን ፓስወርድ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የለመዳችሁት ፒን ሴፍ ሞድ ላይ ላይቀበል ይችላል።

በመጨረሻ ቦታ ማስለቀቅ። የዊንዶውሱን ክፍልፍል ከሚንት ኢንስቶለር ይልቅ ከዊንዶውሱ ዲስክ ማናጅመንት አሳንሱት። ሚንት ራሱ 20 ጊጋባይት ይበቃኛል፣ 100 ቢሆን ይሻላል ይላል፤ እኛ ከ60 በታች እንዳታደርጉት እንላለን። ባዶ ቦታ እያለ ዊንዶውስ «ከዚህ በላይ አላሳንስም» ካለ፣ የማይነቃነቁ ፋይሎች መሐል ላይ ተቀምጠውበታል። ሃይበርኔሽንን፣ የፔጅ ፋይሉንና የመመለሻ ነጥቦቹን ለጊዜው አጥፍታችሁ ድጋሚ ሞክሩ።

ኢንስቶሌሽኑ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ብዙም አይቆይም፤ የሚጠይቃችሁም ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ የሰዓት ክልል፣ ስምና ፓስወርድ ነው። ልብ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው፦ ከዊንዶውስ ጎን መጫን እና ዲስኩን አጥፍቶ መጫን የሚሉት ምርጫዎች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። ሁለተኛው ፎቶውንም፣ ሰነዱንም፣ ዊንዶውሱንም ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ ካለው የዲስኩን ስምና መጠን አንብባችሁ አረጋግጡ።

ሴኪዩር ቡት በበራበት ኮምፒውተር ላይ ኢንስቶለሩ ቪዲዮና ድምፅ ለማጫወት የሚያስፈልጉትን የመልቲሚዲያ ኮዴኮች ጫን ስትሉት አንድ ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህ የመግቢያ ፓስወርዳችሁ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ እንድትጫኑ 10 ሰከንድ ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው ይህን ስክሪን ሲያይ የተበላሸ ነገር ያለ መስሎት እጁን ይሰበስባል፤ አሥሩ ሰከንድ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ ይነሳል። ከዚያ የኤንቪዲያው ድራይቨር ወይም የዋይፋዩ ካርድ «ተጭኗል» እየተባለ አይሠራም፤ ምክንያቱም ሴኪዩር ቡት ድራይቨሩን የሚያውቅበት የማረጋገጫ ቁልፍ አልተመዘገበም። ስክሪኑ ሲመጣ ቁልፍ ተጫኑ፤ ኤንሮል ሞክ፣ ቀጥሎ ኮንቲኒው፣ ቀጥሎ የስ፤ ያችን ፓስወርድ አስገቡ፤ ሪቡት። ካመለጣችሁ ድራይቨሩን አንስታችሁ እንደገና ስትጭኑ ስክሪኑ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የሥርዓቱን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ታይምሺፍትን ክፈቱና በየቀኑ አንድ ቅጂ እንዲይዝ አድርጉ። አንድ ማሻሻያ ሥርዓቱን ቢያበላሸው በጥቂት ደቂቃ ወደ ትናንት ይመልሳችኋል፤ ስክሪኑ እንቢ ቢል እንኳ ከፍላሹ ተነስታችሁ ልታስመልሱት ትችላላችሁ። ከሚንት መሣሪያዎች ሁሉ የምናደንቀው ይህን ነው። ነገር ግን ታይምሺፍት በመጀመሪያው ቅንብሩ የግል ፋይሎቻችሁን አይዝም፤ የሚይዘው ሥርዓቱን ብቻ ነው። ለፎቶና ለሰነድ ሌላ ባክአፕ ያስፈልጋል።

ከዚያ አፕዴት ማናጀር፣ ቀጥሎ ድራይቨር ማናጀር። ሚንት እንደ ዊንዶውስ ሥራ መሐል ላይ «አሁን እንደገና ልነሳ» ብሎ አያቋርጣችሁም፤ ማሻሻያውን መቼ እንደምትጭኑ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ይህ ነጻነት ግን ኃላፊነትም አለው፤ በሳምንት አንዴ ሳትከፍቱት አትለፉ። የ22 ተከታታይ እትሞች በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ኤፕሪል 2029 ያገኛሉ።

አማርኛ መጻፍና አሮጌ ሰነዶች

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሽግግሩ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ የእንግሊዝኛ ግምገማዎች ደግሞ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገሩም።

ለመጻፍ ሁለት ጥሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው አይባስ የሚባለው ነው። ከሶፍትዌር ማናጀር አይባስ ኤም17ኤን የሚለውን ጥቅል ጫኑ፤ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከፍታችሁ አይባስን ምረጡ፤ ከሥርዓቱ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ከዚያ የአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ፣ በሥሩም ሴራ የሚለውን ጨምሩ። ወጥቶ መግባቱን የዘለለ ሰው «አማርኛው ተጭኗል፣ ግን አይጽፍም» ይላል። መቀያየሪያው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው። ሴራ በድምፅ የሚጻፍ ዘዴ ሲሆን ትንሹና ትልቁ ፊደል ይለያያል፦ ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ ቲ «ጥ»፤ ትንሹ ኤን «ን»፣ ትልቁ ኤን «ኝ»፤ ኤክስ ደግሞ «ሽ» ይሰጣል። እጃችሁ ሌላ አደራደር ለምዶ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደክማሉ።

ሁለተኛው ኪማን ነው። ለዊንዶውስም፣ ለሊኑክስም፣ ለስልክም ስላለ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሰጣል። ከሥራ ቦታ ዊንዶውስ፣ ከቤት ሚንት ለሚጠቀም ሰው ኪማንን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ፎንቱ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ሚንት ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይነበባል፤ ግን ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ እዚህ የለም፣ ሊብሬኦፊስም በሌላ የግእዝ ፎንት ይተካዋል። የተተካው ፎንት ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፤ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ፊርማው ብቻ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ይህ ችግር የሚቀንሰው ለካሊብሪ ካርሊቶ፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን ሰሪፍ የሚባሉ በስፋት ልክ የተሠሩ ምትኮች ስላሉ ነው፤ ለኒያላ እንዲህ ያለ ምትክ የለም። መፍትሔው ነጻ ፎንት መርጦ በሁለቱም በኩል መጫን ነው፦ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ለሌላ ሰው የሚላክ፣ የማይነካ ሰነድ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ላኩት።

የከፋው ችግር ከዚህ ያረጀ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር ወደሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) የገባው በ1999፣ በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ውስጣቸው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስላቸው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። የፎንቱን ፋይል ወደ ሚንት መውሰድ አንዳንዴ ይረዳል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም አይፈለግም፣ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍም ይበላሻል። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካላችሁ ዊንዶውሱ በሕይወት እያለ ወደ ዩኒኮድ ለውጧቸው፤ ከለወጣችሁም በኋላ አ እና ዐ፣ ቁጥሮችና አራት ነጥብ በትክክል መዞራቸውን በዓይናችሁ አንብቡ። የመጀመሪያውን መልክ በፒዲኤፍ አስቀሩት። ይህን ሳያደርጉ ዲስኩን ያጠፉ መሥሪያ ቤቶች የዓመታት ሰነዳቸውን ማንበብ ሊያቅታቸው ይችላል።

የዕለት አጠቃቀም

ሲናሞን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም። ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ፣ የተከፈቱት መስኮቶች መሐል ላይ ናቸው። ምንም ሳይከፈት ወደ 1 ጊጋባይት አካባቢ ራም ይይዛል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ ለብሮውዘሩ በቂ ይተርፋል፣ ሃያ ታብ ካልከፈታችሁ በስተቀር። 2 ጊጋባይት ብቻ ካላችሁ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ውሰዱ። አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት፦ ኮምፒውተሩ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለው ሚንት ብቻውን ተአምር አይሠራም። በኤስኤስዲ መተካት ከየትኛውም ሥርዓተ ክወና ለውጥ የበለጠ ፍጥነት ይጨምራል።

ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራል፤ በኔትወርክ የሚያትሙ አዳዲስ ፕሪንተሮችም ድራይቨር አይፈልጉም። አንዳንድ የካኖን ሌዘር ፕሪንተሮች የአምራቹን የራሱን ድራይቨር ስለሚጠይቁ ጊዜ ይበላሉ። የጣት አሻራ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ እትም 22.2 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ውሰዱ፤ ፊንግዊት የተባለው መመዝገቢያ ከእሱ ጀምሮ ገብቷል። ማንበቢያው በሊኑክስ የማይታወቅ ከሆነ ግን እሱም አይረዳም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለጫነ ሰው ሁለት የተለመዱ እንቅፋቶች አሉ። ከሚንት ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ ተዛብቶ ይገኛል፤ የተዛባበትም መጠን ከሰዓት ክልላችሁ ልዩነት ጋር እኩል ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢው ሰዓት ይቆጥረዋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት። ሚንትን በአንድ የተርሚናል ትእዛዝ እንደ ዊንዶውስ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ሌላው፣ የዊንዶውስ ማሻሻያ አንዳንዴ የመነሻውን ቅደም ተከተል ይለውጥና ሚንት የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፤ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኡቡንቱ የሚለውን ስም ወደ ላይ አውጡት (ሚንት በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚታየው በዚህ ስም ነው)። በኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ጎን ለጎን የተጫኑ ብዙ ሊኑክሶች እንዳይነሱ አድርጎ ነበር። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ከሆነ እያንዳንዱን ሥርዓት በየራሱ ዲስክ ላይ ማድረግ እንመርጣለን።

ሌሎቹስ?

ኡቡንቱ ጠንካራ ነው፤ የዴስክቶፑ አቀማመጥ ግን ከዊንዶውስ ይለያል፣ አዲስ ልማድም ይጠይቃል። ዞሪን ለዓይን ያምራል፣ ለጀማሪም ይስማማል፤ ከሚንት ቀጥሎ የምናስቀምጠው እሱን ነው። ፌዶራ በጣም አዲስ ሃርድዌር ላለው ሰው ይሻላል፤ እያንዳንዱ እትሙ የሚደገፈው ወደ 13 ወር ብቻ ስለሆነ ግን ቶሎ ቶሎ ማደስን ይጠይቃል። ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ከብሮውዘር ውጪ ምንም ለማይፈልግ ሰው ነው።

ካልተመቻችሁ

መመለሻውን ከመሄዳችሁ በፊት አዘጋጁ። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ሥሩና ለብቻው አስቀምጡት። የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃድ ከኮምፒውተሩ ሃርድዌር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ያንኑ ዓይነት እትም፣ ማለትም ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ መልሳችሁ ብትጭኑና ኢንተርኔት ብታገናኙት ቁልፍ ሳይጠይቅ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ይህ የሚሆነው ግን ቀድሞም በትክክል አክቲቬት ሆኖ ለነበረ ዊንዶውስ ብቻ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ዲጂታል ላይሰንስ የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይታችሁ፣ የገጹን ፎቶ በስልካችሁ አንስታችሁ አስቀምጡ።